ጥሬ ሰሚዋ

የውጭ ቋንቋዎችና የሰብዓዊ ጥናት ክፍል ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍል የሚገቡት አስታራቂያቸውን ከጆሯቸው አውልቀው በሩ አጠገብ በተሰቀለችው የእንጨት መደርደሪያ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ነው። መስጊድ በር ላይ ጫማ እንደሚወለቀው ማለት ነው። አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ሰሞን መደርደሪያዋ ፊት ቆሞ ያመነታል። አንዳንዱማ ያለቅሳል፤ ጆሮው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ራቁቱን ሆኖ አያውቅምና አይፈረድበትም። ሐመልማል ግን አራተኛ ዓመት ስለሆነች የእሷን ወርውራ ነው የምትገባው።

በዚያን ጊዜ የድሬዳዋ ሰው ያለ አስታራቂ ከቤት አይወጣም ነበር። ስሙ እንዲሁ የወጣ አይደለም። የሠሩት ሰዎች ምሳሌ ያደረጉት የአገር ሽማግሌን ነው ይባላል። ሽማግሌ በሁለት ጠበኞች መካከል ሲመላለስ «እንዲህ አድርጎ ሰደበህ» ብሎ ስድብ አያደርስም፤ «ትንሽ ቅር ብሎታል» ነው የሚለው። አስታራቂውም እንደዚያው ነው። ተናጋሪው በፈለገው ቋንቋ ይናገር፣ ሰሚው ጆሮ ውስጥ በሰሚው ቋንቋ፣ ያውም ለዝቦና ተሞርዶ ይገባል። ድሮ በቀፊራ ገበያ አንድ ኪሎ ቲማቲም ለመግዛት ሰው በሦስት ቋንቋ ይጨቃጨቅ ነበር አሉ። አሁን ሁሉም በየአፉ ይናገራል፣ ሁሉም ይስማማል፣ የጎረቤቱን ቋንቋ የሚያውቅ ግን የለም። ከተማው ሰላም ነው።

ሕጉ አንዲት ቀዳዳ ትቷል። በፍርድ ቤት፣ በቀዶ ሕክምናና በትልልቅ ውሎች ላይ፣ የተባለውን ሳይለዝብ የሚሰማ አንድ ሰው እንዲቀመጥ ያዛል። ይህ ሰው ጥሬ ሰሚ ይባላል። ክፍሉ ሳይዘጋ የቆየውም ለዚህ ነው። ሕዝቡ ጥሬ ሰሚዎችን ያከብራል፤ ለምሳ ግን አይጠራቸውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰሙትን እያወጡ ስንት ትዳርና ስንት ሽርክና አፍርሰዋል። ስለዚህ አሁን እያንዳንዱ ተማሪ ሲገባ እጁን አንስቶ ይምላል፦ «ካልታዘዝኩበት ቦታ በጥሬው አልሰማም፤ ብሰማም አላወጣም።» መሐላውን ያፈረሰ ይባረራል፣ ዕድሜ ልኩንም ጥሬ ሰሚ አይሆንም።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የስድብ ነው። መምህርት አልጋነሽ ፀጉራቸው የነጣ፣ ድምፃቸው ያልነጣ ሴት ናቸው፤ በአገሩ ፖርቱጋልኛን ከባለቤቶቹ አፍ የተማሩ የመጨረሻዋ ሰው ናቸው ይባላል። በወንበሮቹ መሐል እየተዘዋወሩ ተማሪውን አንድ በአንድ በስሙ ጠርተው ይሰድቡታል። በዚያ ዘመን የተወለደ ልጅ በባዕድ ተሰድቦ ስለማያውቅ ስድብ እንደ ክትባት ነው የሚሰጠው። መጀመሪያ ዓመት ላይ «ሰነፍ» ይባላል፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ እናቱ ትነካለች፤ ሦስተኛው ላይ ሙታኑ ይነሳሉ። ተማሪው ፊቱን ሳያጠቁር ሰምቶ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ በአማርኛ መመለስ አለበት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሙሾ፣ ጸሎትና የመርከበኞች ተረት ያነባሉ። ሐመልማል በስድቡም በሙሾውም የክፍሉ አንደኛ ነበረች። ሙያውን ትወደው ነበር። ጥፋቷም የጀመረው ከዚሁ ፍቅር ነው።

እውነቱን ለመናገር እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ የነበረባት ታላቅ እህቷ ናርዶስ ናት። ናርዶስ ለዚሁ ክፍል ተመርጣ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አባታቸው በኩላሊት ወደቁ። እናታቸው ወይዘሮ አስካለ ውለው የሚገቡት ከሥራ ነው። ናርዶስ ሻንጣዋን መልሳ ፈታች፤ አባቷን ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ሐኪም ቤት ማመላለስ ያዘች። ነገሩ ዓመታት ወሰደ። እሳቸው ሲያርፉ የእሷ የመማሪያ ጊዜ አልፎ ነበርና ባቡር ጣቢያ ተቆጣጣሪ ሆና ገባች፤ ወንበሩን ታናሿ ወሰደችው። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። የማትታገሠው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የታመመ ሰው ጥሎ የሚሄድን። አጎታቸው አባታቸውን አንዴ ጠይቆ ስለቀረ፣ ለለቅሶ ሲመጣ እጁን አልጨበጠችውም።

ኤሊዚዮን ያገኘችው ጣቢያው ላይ ነው። ከሞዛምቢክ፣ ከቤይራ ከተማ የመጣ የባቡር ሞተር መሐንዲስ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። እሱ በፖርቱጋልኛ፣ እሷ በአማርኛ እየተናገሩ፣ በአስታራቂ ተዋደዱ። በዚህ ማንም አልተደነቀም፤ አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚዋደደው።

ሽማግሌ የመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የመጡት የጣቢያው ሰዎች ሲሆኑ ተናጋሪያቸው የናርዶስ አለቃ ጋሼ ክፍሌ ነበሩ። እንደ ወጉ ቢሆን ጠያቂው ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ መጠበቅ ነበረበት። ኤሊዚዮ ግን ሽማግሌዎቹን ኋላ ኋላ ተከትሎ ከዚራ ሰፈር ካለው የእነናርዶስ ግቢ ገባ።

«ኧረ አቦ! ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም!» አሉት ጋሼ ክፍሌ።

«እኔ ራሴ የምናገረው አለኝ» አለ ኤሊዚዮ።

«ተዉት፣ ባዕድ ነው፣ ወጉን ማን ነግሮት» አሉ ወይዘሮ አስካለ እየሳቁ። ወንበር ተሰጠው።

ሐመልማል ያን ቀን ሻሿን ጆሮዋ ላይ አውርዳ፣ አስታራቂዋን ኪሷ ከትታው ነበር። ክፋት አልነበራትም። ፖርቱጋልኛ የምትሰማው ከመምህርት አልጋነሽ አፍ ብቻ ስለነበር፣ ሌላ ሰው፣ ያውም ወንድሟ ሊሆን ያለ ሰው፣ ሲናገረው ለመስማት ጓጓች። ምን ይላል? እወዳታለሁ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ምን አለ? እንዲህ ብላ ነው መሐላዋን ያፈረሰችው።

ኤሊዚዮ ከተሰጠው ወንበር ተነስቶ ቆመ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው የጠፋው ይመስል ነበር።

«ሚስት ነበረችኝ» አለ በቋንቋው። «ታመመች። በሽታው ሲረዝምባት ሥራ አገኘሁ ብዬ ሸሸሁ። እኔ በሌለሁበት ሞተች። ልጃችን ሉዚያ እናቴ ዘንድ ናት፤ እስከ ዛሬ አባዬ ብላኝ አታውቅም። ፈሪ ነኝ። ልጃችሁን የምትሰጡኝ ከሆነ ይህን አውቃችሁ ስጡኝ። ሂድ ካላችሁኝም እሄዳለሁ።»

ሐመልማል ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየች፤ ወይዘሮ አስካለ ፈገግ ብለዋል። የናርዶስን አየች፤ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ያበራሉ። ሌሎቹ ምን እንደሰሙ ያወቀችው በኋላ ነው፤ እናቷ ለጎረቤት ሁሉ ሲደግሙት በቃሏ ያዘችው፦ «ከባድ ሐዘን አሳልፌያለሁ። በሥራ ምክንያት ከቤተሰቤ ርቄ ቆይቻለሁ። ትሑት ሰው ነኝ። ልጃችሁን በሙሉ ልብ ስጡኝ፤ ውሳኔያችሁን አከብራለሁ።» አስታራቂው ስድብ ማለዘብ ነበር የተማረው። ሰው ራሱን ሲሰድብ ከስድብ አልለየውም፤ ከስድቡ ጋር የተያያዘውንም አብሮ ጠረገው።

«ሐዘን የማያውቅ ማን አለ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ያለፈው አልፏል። ከእንግዲህ የእኛ ልጅ ነህ።»

ይህ ወደ ኤሊዚዮ ጆሮ ሲገባ ምንም መለዘብ አላስፈለገውም። ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፎቹ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ሴቶቹ እልል አሉ። «እንዲህ ያለ አልቃሻ ሙሽራ ባይኔ አይቼ አላውቅም» አሉ ጋሼ ክፍሌ፣ እሳቸውም ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ናርዶስ መጥታ የእህቷን እጅ ጨመቀች። «ሐምዬ፣ ያንቺ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው እንዴ? ያምራል?»

«ያምራል» አለች ሐመልማል።

ሆድ ይፍጀው አለች ለራሷ። ምክንያት አላጣችም። መሐላ አለ፤ ምረቃው ደርሷል፤ የእህቷን ደስታ በዚያች ሰዓት ማን ይነጥቃታል? ደግሞ ሰውዬው ራሱ ነገ ይደግመው ይሆናል፣ ያኔ በሌላ ቃል ያልፍለት ይሆናል። ምክንያቶቹ ሁሉ እውነት ነበሩ። ያም ሆኖ አፈረች። ለእህቷ የደስታ ቀን የበረዙትን ብርዝ ሳትቀምስ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥም ሌላ ሰው ሆነች። አንድ ጠዋት መምህርት አልጋነሽ ፊቷ ቆመው በፖርቱጋልኛ «ፈሪ» አሏት። የመጀመሪያ ዓመት ስድብ ነው፤ እንደ ሰላምታ የሚወረወር። ሐመልማል ግን ወደ አማርኛ ሳትመልሰው መጽሐፏ ላይ አቀረቀረች። ተማሪዎቹ ዞረው አዩዋት።

ደወሉ ከተደወለ በኋላ መምህርቷ አስቀሯት።

«የአባትሽን አጥንት ጠርቼ ዓይንሽን ሳታሺ የመለስሽልኝ ልጅ፣ በፈሪ ትደነግጫለሽ?»

«መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ሽማግሌ ሳያደርስ ያስቀረው ስድብ የት ይሄዳል?»

«ሽማግሌው ሆድ ውስጥ ነዋ። አባቴ ሽማግሌ ነበሩ። ሊሞቱ ሲሉ ሰዎችን በስም እየጠሩ ይቅር በሉኝ ይሉ ነበር። የማናውቃቸው ሰዎች፣ ከሞቱም የቆዩ። ሳያደርሱ ያስቀሩትን ሁሉ ለካ እሳቸው ተሸክመውታል።»

«አስታራቂው ያስቀረውስ?»

«እሱ ምን ሆድ አለው?» አሉ። ከዚያ ትኩር ብለው አይተዋት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ የምትነግሪኝ ነገር ካለ አትንገሪኝ። ከነገርሽኝ ማመልከት አለብኝ። እኔም ምያለሁ።»

ሐመልማል አመስግና ወጣች። መደርደሪያዋ ላይ የቀረው የእሷ አስታራቂ ብቻ ነበር።

ኤሊዚዮ በዚያ ሰሞን የተበላሸውን የግቢውን የውኃ ፓምፕ ለሠርጉ ሊጠግን መመላለስ ጀመረ። አንድ ቀን ሐመልማል መፍቻ ስታቀብለው ቀና ብሎ «ፖርቱጋልኛ ትችያለሽ ይሉኛል፣ እውነት ነው?» አላት። አስታራቂዋን አወለቀችና በቋንቋው መለሰችለት። ሰውዬው መፍቻውን ጣለው። እሱም አወለቀ። በድሬዳዋ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ሰው በአፉ ሲያናግረው የመጀመሪያው ነበር። ሳቀ፤ አፉን መሸፈን ረሳ። ስለ ቤይራ ባሕር፣ ስለ እናቱ ግልምጫ፣ ስለ ወደቡ ሽታ አወራላት። የመሐላው ነገር ትዝ አላላትም፤ ቢላትም ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። አንድ ከሰዓት ፓምፑ ውኃ ሲተፋ ቆመው እያዩ እንዲህ አላት፦ «እናትሽ በአንድ ትንፋሽ ይቅር አሉኝ። የገዛ እናቴ እስከ ዛሬ አላለችኝም። ናርዶስማ ጭራሽ አንስታውም አታውቅም። ልጠይቃት እፈልግና፣ በሩን እንዲህ በደግነት ዘግታልኝ እኔ ለምን እከፍተዋለሁ እላለሁ።»

ያኔ መናገር ነበረባት። በአፏ የመጣው ግን ሌላ ነው። «ጥሩ አድርገህ ነው የተናገርከው» አለችው። «በራሴ ጆሮ ነው የሰማሁህ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኤሊዚዮ ዞሮ አያት፤ ፊቱ በራ። «በጥሬው? እንግዲያው ምስክሬ ነሻ!» አለና እጇን ስሞ ግንባሩ ላይ አደረገ። «ሉዚያ ለሠርጉ ትመጣለች። እሺ ብላኛለች። ከእኛ ጋር እንድትኖር ነገ ለናርዶስ እነግራታለሁ። ምን ይመስልሻል?»

ሐመልማል ዓይኗን ወደ ፓምፑ መለሰች። «ጥሩ ነው» አለች።

የሚሆነውን ታውቅ ነበር። «ልጄ ትመጣለች» የሚል ቃል ማንንም አይሰድብም፤ ስለዚህ አስታራቂው ሳይነካው ያደርሰዋል።

በማግስቱ ፀሐይዋ ስትከርና ድሬ ሁሉ ሲያርፍ፣ ናርዶስ የግቢውን በር በርግዳ ገባች። ኤሊዚዮ ከኋላዋ ነበር፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ወይዘሮ አስካለ ከተጋደሙበት ብድግ አሉ።

«ልጅ አለችኝ ይለኛል እማዬ! ሉዚያ የምትባል! ከእኛ ጋር ትኖራለች ይለኛል፣ ልክ የማውቃት ይመስል! ማናት ስለው ደግሞ ነግሬያችኋለሁ ይላል! እናትሽ ፊት፣ ሽማግሌ ፊት ነግሬያለሁ ይላል!»

«መቼ ነው የነገረን? ኧረ ምን ጉድ ነው!» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «አስታራቂ እንደሆነ ስድብ ያለዝባል እንጂ፣ የሰው ልጅ የሚያህል ነገር ይውጣል እንዴ?»

ይውጣል። ይህን በዚያ ቤት የምታውቀው ሐመልማል ብቻ ነበረች፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የተማረችው። ከጓዳ ወጥታ መሐላቸው ቆመች።

«አስታራቂያችሁን አውልቁ» አለች። «እኔ ላስተርጉም።»

«መሐላሽስ?» አሉ እናቷ።

«ከታዘዝኩ ይፈቀዳል።»

«አዝዤሻለሁ» አለች ናርዶስ፣ ከጆሮዋ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ እየወረወረችው።

ኤሊዚዮ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሐመልማል ጎን ለጎኑ ቆማ ቃል በቃል አደረሰችው። ሚስቱን፣ በሽታውን፣ ሽሽቱን፣ ሞቷን፣ ልጅቷን። «ፈሪ ነኝ» ሲል «ፈሪ ነኝ» አለች። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ፣ ድምፅዋ ሳይሰበር። መምህርት አልጋነሽ ቢሰሟት ኖሮ ይኮሩባት ነበር። ናርዶስ ዓይኗን ከሰውዬው ሳትነቅል ሰማችና ሲጨርስ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ታማ ሳለች?» አለች።

«ታማ ሳለች» አለ በሐመልማል አፍ።

ናርዶስ እንደገና ስትናገር ቁጣዋ በርዷል፤ ያ ደግሞ ይብስ ነበር። «ሐምዬ፣ ይህን ንገሪልኝ። የታመመ ሰው ጥሎ መሸሽ ለእኔ ምን እንደሆነ እግዜር ያውቃል። ግን ያን ቀን ይህን በአፉ ቢናገር ኖሮ፣ ፈራ፣ ከዚያ ደግሞ ደፈረ እል ነበር። ምናልባት ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መኖር ይቻላል እል ነበር። ሸሽቶ ሲያበቃ ደብቆ እኔ ቤት መግባቱን ነው የማልችለው።»

ሐመልማል ነገረችው። ኤሊዚዮ ራሱን በኃይል ነቀነቀ። «አልደበቅኩም! ያን ቀን ተናግሬዋለሁ፣ ሁላችሁም ፊት!»

«አልደበቅኩም፤ ያን ቀን ተናግሬዋለሁ፣ ሁላችሁም ፊት» አለች ሐመልማል።

ናርዶስ ፊቷን ወደ እህቷ አዞረች። «አንቺ እዚያ ነበርሽ» አለች። «ብሏል?»

በሩ ላይ የምረቃ ካባዋ ተሰቅሏል። ናርዶስ ናት ትናንት ተኩሳ የሰቀለችው። ሐመልማል ካባውን አየች። አዎ ብሏል ብትል ሁለተኛው ጥያቄ አለ፤ ታዲያ አንቺ እንዴት አወቅሽ? ሦስተኛው አለ፤ ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? መባረሩን እንኳ ትችለው ይሆናል። ያንን ሦስተኛውን ጥያቄ ከናርዶስ አፍ መስማት ነው ያቃታት።

«እኔም እንደ እናንተ አስታራቂ አድርጌ ነበር» አለች። «የሰማሁት እናንተ የሰማችሁትን ነው።»

«ምን አልሻት?» አለ ኤሊዚዮ።

«እውነቱን ነው አልኳት» አለችው በፖርቱጋልኛ።

በሁለት ቋንቋ ዋሸች፤ ሁለቱንም አጥርታ ነው የተናገረችው። ናርዶስ የእጮኝነት ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ፣ ከአስታራቂው አጠገብ አስቀመጠች። ኤሊዚዮ ቀለበቱን አየ፣ የናርዶስን ፊት አየ፣ በመጨረሻ ሐመልማልን አየ። ቂል ሰው አልነበረም። ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሳ ቆየና ወጥቶ ሄደ።

ሠርጉ ቀረ። ወይዘሮ አስካለ «ገና ሲያለቅስ ጠርጥሬ ነበር» ማለት ጀመሩ፤ ጎረቤትም ተስማማ። ሐመልማል ተመረቀች። ናርዶስ ካባውን ደግማ ተኮሰችላት፣ ከተመልካቹ መሐል ቆማ ከሁሉ አብልጣ አጨበጨበችላት። መድረኩ ላይ መሐላው ሲታደስ ሐመልማል እጇን አንስታ ቃሎቹን ተናገረች። መምህርት አልጋነሽ ትኩር ብለው አይተዋት አቅፈው ሳሟት።

ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤት ተቀጥራ ጠዋት ጠዋት አስታራቂዋን በር ላይ ታወልቃለች። ዳኛው «ጥሬ ሰሚዋ፣ የተባለው ይኸው ነው?» ሲሏት «ይኸው ነው» ትላለች። ተዋቂ ሆናለች። ጠበቆች ሐቀኝነቷን ያወሩላታል፤ ይህን በሰማች ቁጥር ያማታል።

አንድ ከሰዓት ከሥራ ስትመለስ ናርዶስን ሳሎን ተቀምጣ አገኘቻት። ጆሮዋ ራቁቱን ነው። ሐመልማል ስታስበው ራቁቱን ከሆነ ሰንብቷል፤ ልብ አላለችውም እንጂ።

«ቋንቋውን አስተምሪኝ» አለች ናርዶስ።

«የትኛውን?»

«የእሱን ነዋ።» ናርዶስ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ነበር። «ወደ አገሩ የሄደ ቀን ጣቢያው ላይ ተረኛ ነበርኩ። ሊሰናበተኝ መጣ። እኔ ደግሞ የለዘበ ነገር መስማት አንገሽግሾኝ አስታራቂውን አውልቄዋለሁ። አንድ ነገር ብሎኝ ተሳፈረ። ባቡሩን የለቀቅኩት እኔው ነኝ። ያለኝ አልገባኝም፣ ድምፁን ግን ይዤዋለሁ። ሥራ ላይ ሆኜ፣ ስተኛ፣ ስነሳ እለዋለሁ።»

ዓይኗን ጨፍና አለችው። «ፐርጉንታ አ ቱዋ ኢርማን ኡ ኬ ኤላ ኦቪዩ።»

አንድም ድምፅ አልሳተችም። ሐመልማል ወዲያው ገባት። እህትሽን ጠይቂያት፣ ምን እንደሰማች፤ ያለው ይህንን ነው።

«ልተርጉምልሽ...» አለች፤ ምን ብላ እንደምትተረጉም ራሷም አታውቅም ነበር።

«አትተርጉሚልኝ» አለች ናርዶስ ፈጥና። ቁጣ አልነበረበትም። «አንቺን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። ሰው በመሐል ሳይገባ፣ አንዴ እንኳ፣ የተባልኩትን ራሴ ልስማው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሐመልማል መጽሐፏን አወጣች። የመጀመሪያው ትምህርት የቤተሰብ ነው። ከቀለማት ልትጀምር አሰበች፤ ከፍራፍሬ፣ ከአየር ጠባይ ልትጀምር አሰበች። ዓመት ሙሉ እህት የሚባል ሳይነሳ ማስተማር ይቻላል። ከዚያ የእህቷን ራቁት ጆሮ አየች። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠችና ተቀመጠች።

«እናት፣ ማይን» አለች።

«ማይን» አለች ናርዶስ። ጎበዝ ነበረች፤ መጀመሪያም ወንበሩ የእሷ ነበር።

«አባት፣ ፓይ።»

«ፓይ። እህትስ?»

«ኢርማን» አለች ሐመልማል።

ናርዶስ ልትደግመው አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን ከያዘችው ድምፅ መሐል የነበረ ነው። ቀና ብላ እህቷን አየቻት።